አውራ ጣት የሚያህል ጉድጓድ

አባቴ ጂንፓቺ ሌባ ነበር ብዬ
ወጌን ስጀምረው፣ ወንድሜ ተቆጣ፤
«ሙት አይወቀስም» አለኝ ከቶኪዮ፣
በስልክ፣ ከሩቁ፣ አንድ ቀን ሳይመጣ።

እኔ ግን አይቻለሁ። ሰባት ዓመቴ ነው፤
የጎማ ቦት ጫማ፣ የቀርከሃ ቅርጫት፣
ነሐሴ ሊነጋ፣ ሚኖኩቦ ረግረግ፣
እሱ ቀድሞ ሲሄድ፣ እኔ ስሮጥ በፍርሃት።
መንጋ ሳቢሳ አየሁ፣ ክንፉን የዘረጋ፣
በአንድ ቀጭን እግር ውሃ ላይ የረጋ፤
ወፍ መስሎኝ አጨበጨብኩ፤ አንድም ክንፍ አልተነሣ።
ሳቀብኝ አባቴ፤ «አበባ ነው፣ ሞኚት፤
መብረር የማይችል ሳቢሳ።»

አውራ ጣቱን ሰዶ ከጭቃው፣ ከሥሯ፣
ባቄላ የምታህል ኮረቷን ከነክሯ
ሳብ አድርጎ አወጣት፤
ጉድጓዱን ደፈነው ሳረንስት መልሶ፣
ቁስል እንደሚያክም ሐኪም ተለሳልሶ።
በጣቢያው ገበያ አንዷን በሃምሳ የን፤
ደብተሬ ከዚያ ነው፣ ጫማዬም፣ ሩዛችን።
እሱ ብቻ መቼ! ሰፈሩ በሙሉ
ነሐሴ በባተ ቁጥር እየመጡ ይነቅላሉ።

አንድ ነሐሴ ሄድን፤ ሣር ብቻ ነበረ።
አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆየ፣ ቀብር ላይ እንዳለ፣
ከዚያም ቅርጫቱን በጉልበቱ ሰበረ።

ያልሸጣቸው ሰባት ግን ከጓሮ ነበሩ፣
በአሮጌ የዓሣ ሳጥን፣ ከአጥሩ ጥላ ሥሩ።
ሲሞት ቤቱን ለወንድሜ፣ ሳጥኑን ለእኔ አለ፤
እስካሁን አልለየሁም ማን እንደተበደለ።

እናቲቱ ኮረት በየዓመቱ ትሞታለች፣
በቀጭን ክር ጫፍ ላይ ሁለት ልጅ ትታ ታልፋለች።
ይህን ሳላውቅ በፊት «በሰበሰች» ብዬ ስንቷን ጣልኩ!
ማዳበሪያ አብዝቼ ደግሞ ግማሹን ገደልኩ፤
ድሃ አፈር ነው ኑሯቸው፣ ጥጋብ አያውቁም፤
የዝናብ ውሃ እንጂ የቧንቧውን አይችሉም።
ብርድ ሲመጣ ፍሪጅ ውስጥ፣ በእርጥብ ሳረንስት፣
ከአኩሪ አተር ሊጡ ጎን ይተኛሉ እስከ መጋቢት፤
ባሌ ሶሄይ አንድ ማታ ነጭ ሽንኩርት መስሎት
ቢላ አነሣባቸው፤ ጩኸቴ ነው ያዳናቸው ከሞት።

ሚዙሆ ከአውራጃው ቢሮ መጣች፤ ልጅ እግር ናት፣
ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ ወረቀት የከበዳት።
«ሱቅ የሚሸጠው ሌላ ነው፣ የሩቅ ዘር፣ የተዳቀለ፤
የሚኖኩቦ ዘር ጠፍቷል፣ መዝገቡ እንዲህ አለ።»
ሳጥኑን ከፈትኩት።
ዝም አለች፣ ብዙ። ከዚያም «ከየት አመጣሻቸው?»
«ከዚያው ነው» አልኳት፤ «አባቴ ነው የሰረቃቸው።»
ጻፈች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ሦስት ዓመት በብርዱ ወራት፣ በቀርከሃው በጥዱ መሐል፣
ቆጥቋጦ ስንመነጥር፣ ውሃው ፀሐይ እንዲያይ ሲባል፣
ከማጭዳቸው ይበልጥ የጎበጡ ሽማግሌዎች ረዱን፤
እነዚያው ነቃዮች ናቸው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣
ግን ስለ ድሮው ነገር አንድም ሰው ቃል አላነሣ።
አርባ ኮረት ተከልን።
ዘንድሮ ነሐሴ ማለዳ፣ አሥራ ሦስት ሳቢሳ።
ሲመሽ የእሳት ራት መጣች፣ እንደ መርፌ ቀጥ ብላ፣
ረጅም ምላሷን ሰዳ ከአንዷ ወደ ሌላ፤
ሶሄይ በእጅ ባትሪ ሲያያት፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፈዝዞ፣
«የሽንኩርቶችሽ እንግዳ» አለኝ፣ እጄን ይዞ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት።

ሚዙሆ አለቀሰች። «ካሜራ! አጥር! ዘበኛ!»
እኔ ቁጢጥ አልኩ፣ ብቻዬን፣ ከጉድጓዱ ጎን፣ እንደ ዳኛ፤
በሳረንስት ተደፍኗል፣ ዳር ዳሩ ተለሳልሶ፣
ትናንት እንዳልተነካ ለዓይን እንዲመስል ተመልሶ።
አውራ ጣቴን ሰደድኩ። ልክ ሆነ።
ቀና ስል ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

ካሜራው ይሰቀል፣ አልኩ። አጥሩም ይታጠር።
ማታ ግን መስኮት ከፍቼ፣ ወደ ጨለመው ሰፈር፣
ማን ይሁን ማን ሳላውቅ፣ «ስማኝማ» አልኩ በሹክሹክታ፣
«የቧንቧ ውሃ አታጠጣት።
ማዳበሪያም አታብዛ።»